ሹመት ርስት በነበረበት ዘመን፦ የስፔን ቅኝ ግዛቶች ሴት ገዥዎች

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስፔን አሜሪካን በያዘችባቸው የመጀመሪያ አስርት ዓመታት ሴት አገረ ገዥዎች ነበሩ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ያስተዳድሩ ነበር ወይስ የባላቸውን ወንበር የሚጠብቁ ስሞች ብቻ ነበሩ? ሕጉ ሴት ዳኛ እንኳ እንዳትሆን ይከለክል ከነበረስ እንዴት ተቻለ? የአገሬው ተወላጅ ሴቶችስ?»

ከሕጉ ልጀምር። እሱ ካልተፈታ የቀረው ሁሉ ተአምር ይመስላል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የካስቲያ (ኋላ የስፔን እምብርት የሆነው መንግሥት) ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ያዘጋጀው «ሲዬቴ ፓርቲዳስ» የሚባል ትልቅ የሕግ መጽሐፍ አለ። ትርጉሙ «ሰባቱ ክፍሎች» ማለት ነው። ሦስተኛው ክፍል ሴት ዳኛ መሆን አትችልም ይላል። በወንዶች ጉባኤ መሀል ተቀምጣ ሙግት መስማት አይገባትም ባይ ነው። ወዲያው ግን ቀዳዳ ይተዋል። ንግሥት ከሆነች፣ የካውንት ማዕረግ ያላት ከሆነች፣ ወይም የአንድ አገር ጌትነት የወረሰች እመቤት ከሆነች መዳኘት ትችላለች። ብቻ አዋቂ ወንዶችን ታማክር ይላል።

«የወረሰች» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ኮሎምበስን ተከትለው የተነሡት ዘመቻዎች አብዛኛዎቹ በመንግሥት ገንዘብ አልተደረጉም። መርከቡን የሚገዛው፣ ፈረሱንና ስንቁን የሚያሰናዳው፣ ሰዉን የሚቀጥረው ዘማቹ ራሱ ነው። ተበድሮም ቢሆን። ንጉሡ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ውሉ «ይህን አገር ካቀናህ አገረ ገዥነቱ ያንተ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ «አደላንታዶ» የሚል ማዕረግም ይጨመርበታል፤ የድንበር አገር አቅኚ ሹም እንደማለት ነው። አንዳንዱ ውል ላይ ደግሞ «ላንተና ለወራሽህ» የሚል አለ። እኛ ዘንድ ሹመት ይሻራል፣ ርስት ይወረሳል። እዚያ ግን ሹመቱ ራሱ ርስት ሆኖ አረፈው።

የካስቲያ ሕግ በውርስ ጉዳይ ደግሞ ለሴት ክፉ አልነበረም። ወንድ ልጅ ከሌለ ሴት ልጅ ትወርሳለች። በትዳር ውስጥ ከተፈራው ሀብት እኩሌታው የሚስት ነው። ባሏ ሲሞት በራሷ ስም ትዋዋላለች፣ ትከሳለች፣ ለልጆቿ ሞግዚት ትሆናለች። ስለዚህ አንድ አገረ ገዥ ሲሞት የሚነሣው ጥያቄ «ሴት ትገዛለች ወይ?» አልነበረም። «ወራሹ ማነው?» ነበር።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ጉዳይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዛሬ የቬንዙዌላ በሆነችው በማርጋሪታ ደሴት የሆነ። በ1525 የስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ 5ኛ ደሴቲቱን እንዲያቀና ማርሴሎ ዴ ቪያሎቦስ ከሚባል ዳኛ ጋር ተዋዋለ፤ ሰውዬው የሚዳኘው በሂስፓኒዮላ ደሴት ባለችው በሳንቶ ዶሚንጎ ከተማ ነበር። ሰውዬው በዓመቱ ሞተ። የተረፈችው አልዶንሳ ማንሪኬ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። ንጉሡ ውሉን አልሻረም። አገረ ገዥነቱ ለሕፃኗ ጸደቀላት፤ እናቷ ኢሳቤል ማንሪኬ በሞግዚትነት ታስተዳድር ጀመር። ኋላ አልዶንሳ አገባች፣ ባሏም በስሟ አስተዳደረ። ማዕረጉ ግን የእሷ ሆኖ እስከ 1575 ዘለቀ። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። በአካባቢው የሉል ንግድ ስለነበር ደሴቲቱ ለቤተሰቡ ቀላል ሀብት አልነበረችም።

ነገሩ ከአሜሪካም ይቀድማል። በካናሪ ደሴቶች ላ ጎሜራን የሚገዛው ኤርናን ፔራሳ በ1488 በደሴቲቱ ተወላጆች ተገደለ። ሚስቱ ቤያትሪስ ዴ ቦባዲያ ለሕፃን ልጇ ሞግዚት ሆና አገሩን ያዘች። የበቀሏን መጠን ለመናገር ይከብዳል። ብዙ ወንዶች ተገደሉ፤ ሴቶችና ልጆች በባርነት ተሸጡ። ነገሩ ከመክበዱ የተነሣ የካናሪ ጳጳስ ከሰሳት፣ የስፔን ነገሥታት ፈርዲናንድና ኢሳቤላም የተሸጡት ነፃ እንዲወጡ አዘዙ። ኮሎምበስ በመስከረም 1492 ወደማያውቀው ባሕር የተነሣው ከዚችው ሴት ወደብ ነው። «ሴት ገዥ» ሲባል ርኅሩኅ እናት የሚታየው ካለ ይህቺን ያስታውስ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልምጣ።

ማሪያ ዴ ቶሌዶ የአልባው መስፍን የወንድም ልጅ ነበረች። መስፍኑ ደግሞ የንጉሥ ፈርዲናንድ የአክስት ልጅ ነው። ያገባችው የኮሎምበስን ልጅ ዲዬጎ ኮሎንን ነው። ቁልጭ አድርጌ ልናገር፦ በዚህ ጋብቻ ዕድል የወጣለት እሱ ነው። የአባቱ ውል «ሕንድ» ይሏት የነበረችውን የአሜሪካን እንደራሴነት ለዘር ማንዘሩ ይሰጠው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ከልክሎት ቆይቷል። በአማቾቹ ጉልበት ነው በ1508 ሹመቱ የተፈረመለት። በ1509 ባልና ሚስት ከብዙ አጃቢ ጋር ሳንቶ ዶሚንጎ ገቡ። የሠሩት የድንጋይ ቤተ መንግሥት ዛሬም ወንዙ ዳር ቆሟል።

ዲዬጎ በ1515 ገደማ ለሙግት ወደ ስፔን ሲጠራ ማሪያ ሂስፓኒዮላ ላይ ቀረች። እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። በወረቀት አስተዳደሩ የንጉሡ ዳኞች፣ ቀጥሎም የተላኩ የሂዬሮኒማውያን መነኮሳት እጅ ነበር። ነገር ግን የኮሎን ቤት ንብረት፣ ሠራተኛና ደጋፊ በእሷ እጅ ነበር። በሳንቶ ዶሚንጎ የነበረው ፖለቲካ ደግሞ በዋነኛነት የሁለት ጎራ ጠብ ነው፤ የኮሎን ወገንና የንጉሡ ሹማምንት ወገን። የአንዱ ጎራ መሪ ባሏ እስኪመለስ ድረስ እሷ ሆነች። ማዕረግ ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ይህን አያየውም።

ዲዬጎ በ1526 ሲሞት የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው ሉዊስ ገና ሕፃን ነበር። የማሪያ ትልቁ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ከዘውዱ ጋር ለዓመታት ተሟገተች፣ ስፔን ድረስ ሄዳ ቤተ መንግሥት ደጅ ጠናች። በ1536 ሽምግልናው አለቀ። ቤተሰቡ እንደራሴነቱን ተወ። በምትኩ የአድሚራልነት ማዕረግ ለዘላለም፣ የጃማይካ ማርኪስነት፣ በፓናማ በኩል ቬራጓ የሚባል ሰፊ መሬት ከመስፍንነት ጋር፣ በየዓመቱም 10,000 ዱካት አገኘ። ተሸንፋለች የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ንጉሥ ሊከፍለው የማይፈልገውን ዕዳ ከንጉሥ ላይ ያስከፈለች ሴት ናት። የኮሎምበስን አፅም ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ካቴድራል ለማምጣት ፈቃድ ያገኘችውም እሷ ነች። በ1544 ተመልሳ በ1549 እዚያው ሞተች።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ቤት ሀብት ከምን መጣ? ከስኳር ጭምር። በ1521 የገና ሰሞን በዲዬጎ ኮሎን የስኳር ተክል ላይ የነበሩ አፍሪካውያን ባሪያዎች ተነሡ። በአሜሪካ ምድር ከታወቁት ታላላቅ የባሪያ አመፆች የመጀመሪያው ነው። የማሪያ ሥልጣንና የእነዚያ ሰዎች መከራ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት።

ጓቴማላ ላይ የሆነው ደግሞ ልብ ይሰብራል።

ፔድሮ ዴ አልቫራዶ ጓቴማላን በደም ያቀና ሰው ነው። መጀመሪያ ያገባት ፍራንሲስካ ዴ ላ ኩዌቫ ቬራክሩስ እንደደረሰች ሞተችበት። ቀጥሎ እህቷን ቤያትሪስን አገባ። ለዚህ የሮማው ጳጳስ ልዩ ፈቃድ አስፈልጓል። የኩዌቫ ቤት የአልቡርኬርኬ መስፍን ዘመድ ነው፤ አልቫራዶም እንደ ዲዬጎ ኮሎን በቤተ መንግሥት የሚናገርለት አማች ፈልጎ ነው። ቤያትሪስ በ1539 ለትዳር ከታሰቡ የመኳንንት ልጃገረዶች ጋር ጓቴማላ ገባች።

ሐምሌ 4 ቀን 1541 አልቫራዶ በሜክሲኮ ጦርነት ላይ ፈረስ ወድቆበት ሞተ። ወሬው የጓቴማላ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ሲደርስ ቤያትሪስ ቤቷን ከውስጥም ከውጭም ጥቁር አስቀባችው። ከለቅሶዋ ብዛት የተነሣ «እግዚአብሔር ከዚህ የከፋ ሊያደርገኝ አይችልም» ብላለች ተብሎ ተወራባት። ይሁን እንጂ ለቅሶ ላይ ሆና ወንበሩን አልረሳችም። መስከረም 9 የከተማው ምክር ቤት አገረ ገዥ አድርጎ መረጣት። መሐላ ፈጽማ ፈረመች። ፊርማዋ «ዕድለ ቢሷ ዶኛ ቤያትሪስ» የሚል ነበር። ከዚያ ስሟ ላይ መስመር ሳበችበት። የቀረው «ዕድለ ቢሷ» ብቻ ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ያውቃል። እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ያኔውኑ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር ለወንድሟ ለፍራንሲስኮ አስተላለፈች። «ይኸው፣ ስም ብቻ ነበረች» የሚሉት ይህን ይጠቅሳሉ። ግን ያስቀረችውን ተመልከቱ። ባለቤት ያጡ የኤንኮሚዬንዳ ድልድሎችን ለማን እንደሚሰጡ የመወሰኑን ሥልጣን ለራሷ ያዘች።

ኤንኮሚዬንዳ ምን መሰላችሁ፣ በእኛ ቋንቋ ለማስረዳት ጉልት ይቀርበዋል። መሬቱ አይሰጥም። የሚሰጠው የሰዎቹ ግብርና ጉልበት ነው። ለቅኝ ገዥው ማኅበረሰብ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት አልነበረም። ማን ጉልት ያገኛል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስን ሰው ከተማውን ሁሉ ደጁ ላይ ያቆማል። ቤያትሪስ ችሎትና ጸጥታ ማስከበር የመሰለውን አድካሚ ሥራ ለወንድሟ ሰጥታ ዋናውን ቁልፍ ኪሷ ከተተች። ይህ የስም ገዥ ሥራ አይደለም።

የገዛችው ግን ሁለት ቀን ያህል ነው። ዝናቡ ለቀናት ሲወርድ ሰነበተ። መስከረም 10 ለ11 አጥቢያ ሌሊት ከ«ቮልካን ዴ አጓ» ተራራ ውሃ፣ ጭቃና ድንጋይ ተንዶ ከተማዋን ዋጣት። ቤያትሪስ ከሴቶቿ ጋር ወደ ጸሎት ቤቱ ሮጠች። ጸሎት ቤቱ ላያቸው ላይ ወደቀ። ከጥፋቱ ከተረፉት አንዷ የአልቫራዶ ልጅ ሌዎኖር ነበረች፤ እናቷ የትላስካላ፣ ማለትም የሜክሲኮ ተወላጆች፣ መኳንንት ልጅ ናት። ኋላ ይህንኑ ፍራንሲስኮን አገባች።

የዚያን ሌሊት ወሬ በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ከተማ ታተመ። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው የዜና ወረቀት ይባላል። ሕዝቡም ታሪክ ጸሐፊዎቹም ጣታቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ፤ አፏ ነው መዓቱን ያመጣው ተባለ። ባሏ በሰው ላይ ያደረገው ያ ሁሉ ግፍ ተራራ አላናደም፤ የሚስቱ ለቅሶ ናደ! ስለ ሴት ገዥዎች የተጻፈውን ሁሉ ስታነቡ ይህን ሚዛን አትርሱ።

ኩባን ቶሎ ልለፋት። የኩባው ገዥ ኤርናንዶ ዴ ሶቶ በግንቦት 1539 ወደ ፍሎሪዳ ሲዘምት ሚስቱን ኢሳቤል ዴ ቦባዲያን በቦታው አስቀምጦ ሄደ። አባቷ የፓናማው ገዥ ፔድራሪያስ ነበር፤ ከላይ ያየናት የላ ጎሜራዋ ሴትም ከዚያው ከቦባዲያ ቤት ናት። ዴ ሶቶ በ1542 ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሞተ፤ ቁርጡ ወሬ ኩባ የደረሰው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሃቫና ምሽግ አናት ላይ ያለችው «ሂራልዲያ» የምትባል የነሐስ ሴት ባሏን ስትጠብቅ የቀረችው ኢሳቤል ናት ይላሉ። ደስ የሚል ተረት ነው። ዛሬ የምናየው ምሽግ ግን መሠረቱ የተጣለው ኢሳቤል ከሄደች ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሐውልቷም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት። ደሴት ያስተዳደረችውን ሴት መስኮት ላይ አስቀምጠው የምታለቅስ ሚስት አደረጓት።

ኢሳቤል ባሬቶ ግን ለተረት የምትመች አይደለችም። በ1595 ከባሏ ከአልቫሮ ዴ ሜንዳኛ ጋር ከፔሩ ተነሣች። አራት መርከብ፣ ወደ 380 ሰው። መድረሻው የሰለሞን ደሴቶች ነበር። አላገኟቸውም። ሳንታ ክሩስ በተባለች ደሴት ሰፍረው ሳለ በሽታና እርስ በርስ መገዳደል ገባ። ሜንዳኛ በጥቅምት ሲሞት በኑዛዜው ሚስቱን አገረ ገዥ፣ ወንድሟን የጦር አዛዥ አደረገ። ወንድሟም ብዙ አልቆየም። ኢሳቤል ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል የመርከቦቹም የሰዎቹም አለቃ ሆነች።

ወደ ፊሊፒንስ ያደረጉት ጉዞ ሲኦል ነበር። በየዕለቱ ማለት ይቻላል ሬሳ ባሕር ውስጥ ይጣላል። ውሃው በስፍር ነው። መርከቧን የሚመራው ፔድሮ ፈርናንዴስ ዴ ኪሮስ እንደሚነግረን ኢሳቤል በዚያ በሚጠጣ ውሃ ልብሷን ታሳጥባለች። ሲወቅሳት በገዛ ንብረቴ የፈለግሁትን ባደርግ ምን አለበት ብላ መለሰች።

ከዚህ የተሻለ መልስ ለጥያቄያችሁ አላገኝም። ራሷን እንደ ባለሥልጣን አልነበረም የምታየው፤ እንደ ባለንብረት እንጂ። መርከቡ፣ ስንቁ፣ ውሃው፣ ገና ያልተገኘው ደሴት ሳይቀር የወረሰችው ነው። ጨካኝነት ነው ብትሉኝ እስማማለሁ። የብዙ ወንድ አደላንታዶዎች አስተሳሰብም ይኸው ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይህን የምናውቀው ከኪሮስ ወገን ነው፤ ሁለቱ አይዋደዱም ነበር። እሷ የጻፈችው የጉዞ ማስታወሻ የለንም። የካቲት 1596 ማኒላ ገቡ። ብዙም ሳትቆይ ፈርናንዶ ዴ ካስትሮን አገባች፤ መብቷንም ይዛ ነው የገባችበት።

እንግዲህ «እውነተኛ ሥልጣን ነበር ወይ?» ለሚለው፣ አዎ ነበር። ግን ሹም ሆነው ያገኙት ሳይሆን ቤት ወርሰው ያገኙት ነው። ስለዚህም ነው እየቆየ የሳሳው። ዘውዱ ሲጠነክር ውል መስጠቱን ቀነሰ። በቦታው ደሞዝተኛ ሹም ላከ፤ ለጥቂት ዓመት የሚሾም፣ ሲያልቅ ሒሳብ የሚጠየቅ። በ1542 የወጡት አዲስ ሕጎች ኤንኮሚዬንዳን ጭምር ሊያስቀሩ ሞከሩ፤ ፔሩ ላይ ጦርነት አስነሥቶ ነው የላላው። ደሞዝተኛ ሹም ወንበሩን አያወርስም። ሴቶቹ የገቡበት በርም አብሮ ጠበበ። ኋላም አልፎ አልፎ ይታያሉ። በ1668 የፔሩ እንደራሴ የሌሞስ ካውንት አመፅ ለማብረድ ወደ ፑኖ ሲወጣ ሚስቱ አና ዴ ቦርሃ ከሊማ ሆና እንደራሴነቱን ለወራት ይዛለች። ያ ግን ውክልና ነው፤ ባልየው ሲመለስ ያበቃል።

የአገሬው ተወላጅ ሴቶችስ? ለእነሱ በሩ ሌላ ነው፤ ዘራቸው። ስፔኖች የተወላጅ ባላባትን «የተፈጥሮ ጌታ» ብለው ይቀበሉ ነበር፤ ሲመቻቸው። ሳይመቻቸው በ1503 በሂስፓኒዮላ አናካዎናን ሰቀሏት። የሃራጓ ንግሥት ነበረች፤ ገዥውን ኦቫንዶን ተቀብላ አስተናግዳዋለች።

የሜክሲኮው የአዝቴክ ንጉሥ የሞክቴዙማ ልጅ ቴኩዊችፖ፣ በክርስትና ስሟ ኢሳቤል፣ በ1526 ታኩባ የምትባለውን ትልቅ ኤንኮሚዬንዳ ሜክሲኮን ከያዘው ከኮርቴስ ተቀበለች። የሰጪው ስሌት ግልጽ ነው፤ የንጉሡን ልጅ ከያዝሁ ሕጋዊነቱን ያዝሁ ነው። እሷ ግን የተሰጣትን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ አባቷ ርስት ነበር የምትቆጥረው። ልጆቿም ለዘመናት በዚያው ተሟገቱ። ስትሞት በኑዛዜዋ የተወላጅ ባሪያዎቿን ነፃ አወጣች።

ፔሩ ላይ ደግሞ ኮንታርዋቾ አለች፤ የዋይላስ ባላባት። ልጇ ኪስፔ ሲሳ ፔሩን ለያዘው ለፍራንሲስኮ ፒዛሮ ልጆች ወልዳለታለች። በ1536 የኢንካ ጦር ሊማን ሲከብ ኮንታርዋቾ ለልጇ ብላ ተዋጊ ላከች። የፒዛሮ ከተማ በከፊል የዳነችው በዚች ሴት ሰዎች ነው።

ያንን የ1536 አመፅ ያስነሣው የኢንካዎቹ ንጉሥ ማንኮ ኢንካ ነበር። የልጁ ልጅ ቤያትሪስ ክላራ የዩካይን ሸለቆ ወረሰች፤ ያጋቧትም ከማርቲን ጋርሲያ ዴ ሎዮላ ጋር ነው። አጎቷን፣ የመጨረሻውን የኢንካ ንጉሥ ቱፓክ አማሩን፣ ማርኮ ያመጣው ሰው! የእነሱ ልጅ አና ማሪያ በ1614 የሳንቲያጎ ዴ ኦሮፔሳ ማርኪስነት ከነዳኝነት ሥልጣኑ ተሰጣት። ሹመት የሚወረስበት ዘመን ባለቀበት ሰዓት ዘውዱ በዩካይ ሸለቆ የሚወረስ ጌትነት ለማንኮ ኢንካ የልጅ ልጅ ልጅ ፈረመላት። እሷም ወረቀቷን ይዛ ወደ ፔሩ መርከብ ተሳፈረች።